መጽሐፉን ጣልነው፣ ቃሉ ቀረ

ባለፈው ወር አንድ ወዳጄ ከሰንዳፋ ደወለልኝ። የአባቱ ሙት ዓመት ወጥቷል፤ እናቱ ወደ ታላቅ እህቱ ቤት ሊዛወሩ ነው፤ ቤቱ ይከራያል። "ጓዳው መጽሐፍ ብቻ ነው" አለኝ። "አንተ ይሄን ነገር ትወዳለህ፤ መጥተህ የሚጠቅምህን ምረጥ። የቀረውን ቅዳሜ ቆራሌው ይወስደዋል።"

ከላምበረት ሚኒባስ ይዤ ሄድኩ። ጓዳው ውስጥ በሲባጎ የታሰሩ አሥራ አንድ ካርቶኖች ተደርድረዋል። የወዳጄ አባት የታሪክ መምህር ነበሩ፤ በደርግ ጊዜ ደግሞ የትምህርት ቤታቸውን የውይይት ክበብ ይመሩ ነበር። ካርቶኖቹን ከላይ ወደ ታች መክፈት የእሳቸውን ዕድሜ ወደ ኋላ እንደ መቁጠር ነው። ከላይ የኢሕአዴግ የሥልጠና ሰነዶችና "አዲስ ራዕይ" መጽሔት አሉ። ከሥሩ "ሠርቶ አደር" ጋዜጣ በጥቅል። ከዚያ የሌኒን ምርጥ ሥራዎች በእንግሊዝኛ፣ የኮሙኒስት ፓርቲ ማኒፌስቶ በአማርኛ፣ ሞስኮ የታተሙ ጠንካራ ሽፋን ያላቸው መጻሕፍት። በመሃል የጎርኪ "እናት"፣ የሚር ማተሚያ ቤት የፊዚክስ መጽሐፍ፣ አንድ የመሠረተ ትምህርት ማስተማሪያ፣ በስቴንስል የተባዙ ቢጫ የሆኑ ወረቀቶች።

እናቱ ቡና እያቀረቡ፣ "አቧራውን ስጠርግለት የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ሲያነበው ያየሁት ግን ከሰማንያ ሦስት በፊት ነው" አሉኝ።

"ታዲያ ለምን አላስጣሉትም?"

"አይነካ ይል ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን አልነገረኝም፤ ልጄ።"

እንዲህ ያለ ጓዳ በየከተማው ሞልቷል። በአብዮቱ ጊዜ ወጣት የነበሩ አንባቢዎች ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት ሆኗቸዋል፤ አንድ በአንድ እያለፉ ነው። ልጆቻቸው ከመሀል አዲስ አበባ ወደ ኮንዶሚኒየም፣ ወደ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሰንዳፋ ሲበተኑ መጀመሪያ "ይሄስ ምን ያደርጋል?" የሚባለው መጽሐፉ ነው። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ቤተሰብ ጽዳት አይመስለኝም። አንድ አገር ያነበበውን እንዴት እንደሚጥል፣ ከጣለው በኋላስ ምን እንደሚቀርበት የሚያሳይ ነገር ነው።

*እንዴት ገቡ?*

እነዚህ መጻሕፍት ከ1966 በፊትም አገራችን ውስጥ ነበሩ፤ ያኔ ግን ከእጅ ወደ እጅ በጥንቃቄ የሚተላለፉ ነበሩ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው በ1957 ዓ.ም "መሬት ላራሹ" ብሎ አደባባይ ሲወጣ፣ ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 የብሔረሰቦችን ጥያቄ አስመልክቶ የጻፈውን ጽሑፍ ይፋ ሲያደርግ፣ ከኋላቸው ያለው ንባብ በአብዛኛው ከውጭ የገባ፣ በጥቂት ቅጂ የሚዞር ነበር። መጽሐፍ ብርቅ ስለነበረ በደንብ ይነበባል፣ ይገለበጣል፣ ይከራከሩበታል።

አብዮቱ ሲመጣ ብርቁ ጎርፍ ሆነ። ደርግ በታኅሣሥ 1967 ኅብረተሰብአዊነትን አወጀ። በሚያዝያ 1968 የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ወጣ፤ በዚያው ዘመን የካቲት 66 የፖለቲካ ትምህርት ቤት ተከፈተ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ "አብዮታዊ መድረክ" በሚል ዓምድ የመኢሶንና የኢሕአፓ ሰዎች በብዕር ስም ሲሟገቱበት ከረመ። ዛሬ ያንን ዓምድ የሚያነብ ሰው የሚገርመው ነገር አለ፤ ሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው አንድ ዓይነት መጽሐፍ ነው። ጠቡ ማን በትክክል አነበበው የሚል ነበር።

ከዚያ ማተሚያዎቹ ሥራ ጀመሩ። የሞስኮው ፕሮግሬስ የማርክስን፣ የኤንግልስንና የሌኒንን ሥራዎች በአማርኛ ጭምር አሳተመ። አገር ቤት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ተቋቋመ። በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፣ ዓለም አቀፍ ሽልማትም አገኘ። ማንበብ ለማያውቀው ፊደል፣ ማንበብ ለሚያውቀው ርዕዮተ ዓለም ታደለ። በየመሥሪያ ቤቱና በየቀበሌው የውይይት ክበብ ነበር፤ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይጠየቃል። ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ፍልስፍና ይማራል።

በዚህ ሂደት አንድ ነገር ተለወጠ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጽሐፉን ሰው ፈልጎ ያገኘው ነበር፤ በ1970ዎቹ ግን መጽሐፉ ሰውን ፈልጎ ማግኘት ጀመረ። ሰው ራሱ ፈልጎ ያገኘውን መጽሐፍ ሲጥል ያዝናል። በግዴታ ለታደለው ግን ከመጀመሪያውም የጓዳ ቦታ ነው የሚያዘጋጅለት።

*በፍርሃት፣ በትእዛዝ፣ በኪሎ*

እኛ አገር በቅርብ ታሪካችን መጽሐፍ በሦስት መንገድ ሲወገድ አይተናል።

አንደኛው በፍርሃት ነው። በመጋቢት 1969 አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ፣ መሣሪያና የማባዣ መኪና ብቻ አልነበረም የሚፈለገው፤ ወረቀትም ጭምር እንጂ። "ዴሞክራሲያ" የተባለችው የኢሕአፓ ልሳን ቤት ውስጥ መገኘቷ ለሞት ያበቃል። ማርክስን ማንበብ ደግሞ የመንግሥት ትእዛዝ ነው። ፈታሹ ግን ሁልጊዜ ለይቶ አያውቅም፤ ቀይ ሽፋን አይቶ የቱ የተፈቀደ፣ የቱ የተከለከለ እንደሆነ እንዲያብራራለት ባለቤቱን የሚጠይቅበት ትዕግሥትም የለውም። ስለዚህ ብዙ እናትና አባት አስተማማኙን መንገድ መረጡ፤ ሁሉንም ምድጃ ውስጥ፣ ሁሉንም ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ። ያን ዘመን ያሳለፉ ሰዎች ታሪካቸውን ሲያወጉ መጽሐፍ የተቃጠለበት ሌሊት ሳይነሳ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ልጁ እስር ቤት ሆኖ እናት ግጥሙን፣ ደብዳቤውን፣ የትምህርት ደብተሩን ሳይቀር አቃጥላለች። ቤተሰብ ነፍስ ለማትረፍ ሲል የራሱን ልጅ የእጅ ጽሑፍ አጠፋ። በዚህ ማንም ሊፈርድባቸው አይችልም።

ሁለተኛው በትእዛዝ ነው። በዓሉ ግርማ "ኦሮማይ"ን በ1975 ዓ.ም አሳተመ። አሳታሚው የመንግሥቱ ኩራዝ ነው፤ ደራሲው የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነው፤ ታሪኩ ኤርትራ ውስጥ የተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። መጽሐፉ ወዲያው ታገደ፣ ከየመደብሩም ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ጠፋ። መጽሐፉ ግን አልጠፋም። በድብቅ ተከራየ፣ በእጅ ተገለበጠ፣ በጨለማ ተነበበ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ደግ ነው። ያው መንግሥት፣ በያው አሳታሚ፣ በዚያው ዘመን ሁለት ዓይነት መጽሐፍ ነበረው፤ አንዱን ሰው እንዲያነበው ለመነ፣ ሌላውን እንዳያነበው ከለከለ። የተከለከለው ዛሬም ይታተማል፣ ዛሬም ይገዛል። የተለመነበት ጓዳ ውስጥ ቆራሌውን ይጠብቃል።

ሦስተኛው በኪሎ ነው፤ የሰንዳፋዎቹ ካርቶኖች ዕጣ ይኸኛው ነው።

በየካቲት 1982 መጨረሻ መንግሥት ራሱ ቅይጥ ኢኮኖሚ አወጀ፤ ኢሠፓም ስሙን ለውጦ የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ አንድነት ፓርቲ ሆነ። መጽሐፉ ገና መደርደሪያው ላይ ሳለ ባለቤቱ ካደው። ግንቦት 13 ቀን 1983 ኮሎኔል መንግሥቱ ከአገር ወጡ። በሁለተኛው ቀን ከአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ የቆመው የሌኒን ሐውልት ተገርስሶ ወደቀ። ግንቦት 20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንደሚባለው፣ ሐውልቱ ላይ የነበረው እልልታና ፉጨት ለመጻሕፍቱ አልደረሳቸውም፤ እነሱ በጸጥታ ነው የወረዱት። ከቀበሌ ቤተ መጻሕፍት፣ ከየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ፣ ከየቤቱ መደርደሪያ ወጥተው በኪሎ ተሸጡ። መርካቶ ገቡ፣ ከዚያ በየሰፈሩ ሱቅ ተበተኑ። ፌስታል እንዳሁኑ ባልበዛበት ጊዜ ስኳርም፣ ጨውም፣ በርበሬም የሚጠቀለለው በወረቀት ነበርና ወረቀቱ ጥሩ ገበያ አገኘ። የሞስኮ ወረቀት ወፍራም ነው፤ ዘይት ቶሎ አያሳልፍም።

እኔ ለዚያ ዘመን መጨረሻ ነው የደረስኩት። በ1980ዎቹ መገባደጃ ገና ማንበብ እንደለመድኩ፣ የበላሁት ቆሎ ሲያልቅ የተጠቀለለበትን ወረቀት ዘርግቼ አነብ ነበር። አንድ ቀን "ፕሮሌታሪያት" የሚል ቃል አገኘሁና እናቴን ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳት። ትኩር ብላ አየችኝና "ቆሎህን ብላ" አለችኝ። የተማረች ሴት ናት፤ የውይይት ክበብም ተሰብስባለች። ቃሉን ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለች። ግን በዚያን ጊዜ ማንም አላነበበውም ነበር።

የኪሎው አወጋገድ ከእሳቱ የሚለይበት ነገር ይህ ነው። መጽሐፍ ሲቃጠል አቃጣይ አለ፤ ስም አለው፣ ቀን አለው፣ ታሪክ ይጠይቀዋል። በኪሎ ሲሸጥ ግን ሁሉም ሰው ሻጭ ነው፣ ስለዚህም ተጠያቂ የለም። አንድ ትውልድ ያመነበትን፣ የተገዳደለበትን፣ ልጆቹን የገበረበትን ነገር ስኳር ጠቅልሎ ሲያበቃ "እኔ እንኳን ያኔ ተገድጄ ነው" የሚል ብቻ ቀረ። የእርቅም የይቅርታም ጥያቄ ሳይነሳ ወረቀቱ አለቀ።

*የሌሎቹ ጉድጓድ*

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ምሥራቅ ጀርመን ከምዕራቡ ጋር ስትዋሐድ በላይፕዚግ አካባቢ ከመጋዘን የወጡ፣ አንባቢ ያልነካቸው አዳዲስ መጻሕፍት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቆሻሻ መጣያ ላይ ተደፉ። ከመካከላቸው የፓርቲ ሰነድ ብቻ አልነበረም፤ ልብ ወለድ፣ ግጥም፣ የትርጉም ሥራ፣ የጥበብ መጽሐፍ ሁሉ ነበረበት። ወንጀላቸው በምሥራቅ መታተማቸው ነው። ማርቲን ቬስኮት የተባለ የካትለንቡርግ ቄስ በ1991 እ.ኤ.አ. ይህንን ሰምቶ መኪና ይዞ ሄደ፤ ከቆሻሻው ላይ እየለቀመ ወደ ደብሩ አጋዘ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሰው እየመጣ የፈለገውን ይወስዳል፣ በምትኩ ለድሆች ምጽዋት ይተዋል። ሰዎች "የመጻሕፍቱ ቄስ" አሉት።

ልብ በሉ፤ ስድስት ኪሎ የቆመው የካርል ማርክስ ሐውልት የዚያችው የምሥራቅ ጀርመን ስጦታ ነው። አዲስ አበባ ሌኒንን ስትጥል ማርክስን አልነካችውም። ላይፕዚግ መጽሐፏን ጉድጓድ ስትከት እኛ በበርበሬ ጠቀለልን። ድህነት አንድ ደግ ነገር አደረገልን ማለት ይቻላል፤ ምንም ነገር ዝም ብሎ ቆሻሻ እንዳይሆን። ነገር ግን የመጻሕፍቱ ቄስ የሚለቅመው ነገርም አላስቀረልንም። ጉድጓድ ውስጥ ያለ መጽሐፍ ይወጣል፤ የተቀደደ ገጽ ግን ሱቅ ለሱቅ ተሰብስቦ መጽሐፍ አይሆንም።

ሰንዳፋ ስለ መጣል አንድ ተጨማሪ ትምህርት አላት። በ2008 ዓ.ም በፈረንሣይ ልማት ተቋም ድጋፍ የተሠራ የአዲስ አበባ ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ እዚያ ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታውንና የውሃውን መበከል አንስተው ተቃወሙ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ሥራው ቆመ። የከተማዋ ቆሻሻ ወደ ድሮው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ምሽት የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። መጣል ማለት ከዓይን ማራቅ ማለት ነው፤ የተጣለው ነገር ግን የሆነ ሰው ደጅ ላይ ያርፋል። የሐሳብም ነገር ከዚህ አይለይም።

*የቀረው ቃል*

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መጽሐፉን ጥለናል። የጻፈውንስ ጥለነዋል?

ከንግግራችን እንጀምር። "ርዕዮተ ዓለም"፣ "አድርባይ"፣ "ግለ ሂስ"፣ "ተራማጅ"፣ "አድኃሪ"፣ "ንዑስ ከበርቴ"፣ "ቅራኔ"። አንዳንዱ ጥንትም የነበረ ቃል ነው፤ ዛሬ የምናውቀውን ትርጉም ይዞ የተስፋፋው ግን በዚያ ዘመን መጻሕፍትና በራሪ ወረቀቶች ነው። ዛሬ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ተቃዋሚውን "አድርባይ" ብሎ የሚሳደበው የሃያ ዓመት ወጣት የማን ቃል እንደሚጠቀም አያውቅም።

"ብሔር" የሚለውን ደግሞ ውሰዱ። በግዕዝ አገር፣ ምድር፣ ዓለም ማለት ነው። "እግዚአብሔር" ስንል የምድር ጌታ፣ የዓለም ጌታ ማለታችን ነው። ይህ የአገር ስም የነበረ ቃል አገር ውስጥ ያሉ ሕዝቦችን መለያ የሆነው በተማሪዎች ንቅናቄና በአብዮቱ የትርጉም ሥራ ነው። አንድ ቃል ከቦታ ወደ ሰው ተዛወረ፤ ከእሱ ጋር ፖለቲካችንም ተዛወረ።

ከዚያ ሕገ መንግሥቱ አለ። በኅዳር 1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ ማለት ምን እንደሆነ ይተረጉማል፤ የጋራ ባህል፣ የሚግባቡበት ቋንቋ፣ የሥነ ልቦና አንድነት፣ የተያያዘ መልክዓ ምድር። ይህንን ስታሊን በ1913 እ.ኤ.አ. ስለ ብሔር ከሰጠው ትርጉም ጎን ያስቀመጠ ሰው ዝምድናውን ለማየት ምሁር መሆን አያስፈልገውም። ልዩነትም አላቸው፤ የስታሊኑ የጋራ የኢኮኖሚ ሕይወትን ይጠይቃል፣ የእኛው ያንን ትቶ የጋራ ህልውና አለን ብሎ ማመንን ጨምሯል። በዚያው አንቀጽ እስከ መገንጠል የሚደርሰው የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት ደግሞ የሌኒን የ1914ቱ ክርክር ነው።

ግንቦት 20 የገቡት ታጋዮችም ከዚህ መደርደሪያ ውጭ አልነበሩም። ሕወሓት ውስጥ በ1977 የተመሠረተው ድርጅት ስሙ የማርክሲስት ሌኒኒስት ሊግ ትግራይ ነበር። ተሸናፊው አራግፎ የጣለውን መጽሐፍ አሸናፊው በጀርባ ቦርሳው ይዞት ገባ። በሱቅ ደጃፍ ስኳር የሚጠቀለልበት ገጽና በአዳራሽ ውስጥ ሕግ የሚረቀቅበት ገጽ አንድ መጽሐፍ የሆነበት ሁለትና ሦስት ዓመት ነበር፤ ማንም ሁለቱን አንድ ላይ አላነበባቸውም።

መሬትም እንዲሁ ነው። የገጠር መሬት በየካቲት 1967 በአዋጅ ቁጥር 31 የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ የከተማ መሬትና ትርፍ ቤት በሐምሌው አዋጅ ቁጥር 47 ተከተለ። ሥርዓቱ ወደቀ፣ ፓርቲው ፈረሰ፣ ሐውልቱ ተጎተተ፤ የመሬቱ አዋጅ መሠረት ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት ሆኖ ቀጠለ። ሰንዳፋ ውስጥ ገበሬ ስለ ካሳ ሲከራከር፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ስለ ካርታ ሲጨነቅ፣ ወዳጄ የአባቱን ቤት አከራያለሁ ሲል፣ ከእግራቸው ሥር ያለው ምድር የሚዳኘው በእነዚያ ካርቶኖች ውስጥ በተጀመረ ክርክር ነው።

መሬት ላራሹ መባሉ ስህተት ነበር አልልም፤ የገባሩን ኑሮ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። አንቀጽ 39 ይሻር ወይስ ይቆይ የሚለውንም ዛሬ አልፈርድም፤ ሁለቱም ወገን ቻናላችን ውስጥ ስላለ በሌላ ቀን እንሟገትበታለን። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ምንጩን የጣለ ሰው ከውጤቱ ጋር መሟገት ያቅተዋል። በዛሬው ሙግታችን አንዱ ወገን እነዚህን ሐሳቦች ከሰማይ እንደ ወረደ እውነት፣ ሌላው ጠላት ተንኮል እንዳሰረገው ነገር ያያቸዋል። ሁለቱም የማያዩት ነገር አለ፤ በአንድ ወቅት፣ ስማቸው የሚታወቅ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች፣ ከሌላ አገር የመጣ መጽሐፍ አንብበው፣ ተርጉመው፣ ተከራክረውና ተገዳድለውበት ያስቀሩት ነገር ነው። ሰው የጻፈውና ሰው የመረጠው ስለሆነ ሰው ሊመረምረው ይችላል። ያንን ለማየት ግን ገጹ ያስፈልጋል።

ከካርቶኖቹ ካወጣኋቸው የሌኒን ጥራዞች አንዱ የራስን ዕድል በራስ ስለ መወሰን የሚለው ጽሑፍ ላይ ታጥፏል። ኅዳጉ ላይ በእርሳስ፣ በጥንቃቄ በተጻፈ የመምህር የእጅ ጽሑፍ፣ "ማን ይወስናል?" ይላል። ከሥሩ 1972። የውይይት ክበብ መሪ፣ መልሱ ሁሉ በታወቀበት ዘመን፣ ብቻውን የጠየቀው ጥያቄ ነው። ይህንን ለማንም ያሳዩት አይመስለኝም። ቅዳሜ ቆራሌው ቢወስደው ኖሮ በዚያ ዘመን ያሰበ፣ የተጠራጠረ ሰው ነበር የሚለው አንድ ምስክር አብሮ ይሄድ ነበር።

*ታዲያ ሁሉንም እናስቀምጥ?*

አይቻልም፤ አያስፈልግምም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንላለን፤ ውርስ ግን ሁሉ አይያዝም። የአባቶቻችንን ልማድ ብናይ፣ በየገዳሙ ያረጀ ብራና አይጣልም፤ ቅጠሉ የአዲስ መጽሐፍ መጠረዣ ማጠናከሪያ ይሆናል። ዛሬ አጥኚዎች ከአዲሱ መጽሐፍ ሽፋን ሥር የጥንቱን ጽሑፍ የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። አሮጌውን ሁሉ እንዳለ አላቆዩትም፤ ሳያዩትም አልጣሉትም። የእኛ ችግር መጣላችን ሳይሆን ሳናይ መጣላችን ነው።

እንዲህ ያለ ጓዳ የወረሳችሁ ካላችሁ፣ ሰንዳፋ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ አቧራ ስበላ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ብርቅ የሚመስለው ብርቅ አይደለም። የሌኒን ጥራዝ በወርቅ ቀለም ስለተጻፈበት ያጓጓል፤ ግን በዓለም ላይ ሞልቷል። ዋጋ ያለው ያ ቢጫ የስቴንስል ወረቀት ነው፤ የውይይት ክበቡ ቃለ ጉባኤ፣ የቀበሌው ማስታወቂያ፣ የዘመቻው የስም ዝርዝር። የዚያ ሌላ ቅጂ ምናልባት የትም የለም። ሰው ግን ጥራዙን አስቀምጦ መጀመሪያ የሚያቃጥለው እሱን ነው።

የእጅ ጽሑፍ ያለበትን ሁሉ ለዩ። ስም፣ ቀን፣ ኅዳግ ላይ የተሰመረ መስመር፣ በመሃል የተረሳ ደረሰኝ። መጽሐፉ የማተሚያ ቤቱ ነው፣ ኅዳጉ የአባታችሁ ነው።

ከመስጠታችሁ በፊት ዝርዝር ያዙ፣ ሽፋኑን በስልካችሁ አንሱ። ግማሽ ቀን ነው የሚፈጀው። ከዚያ ወመዘክርን ወይም ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ ዝርዝር ይዞ የሄደ ሰውና አሥራ አንድ ካርቶን በር ላይ ያራገፈ ሰው እኩል መልስ አያገኙም። መደርደሪያ እንደሆነ አላጣንም፤ በታኅሣሥ 2014 የተከፈተው አብርሆት ብቻውን ከሚሊዮን በላይ መጽሐፍ እንዲይዝ ነው የታሰበው። የጎደለው የሚለይ እጅ ነው። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ የቀረውን ቆራሌው ቢወስደው ኃጢአት የለበትም። ሶፍትም ካርቶንም ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ ከላይ የነበረውን ካርቶን አትርሱ። ኢሕአዴግ በ2012 ዓ.ም ፈርሶ ብልጽግና ሲመሠረት፣ "አዲስ ራዕይ" እና የአብዮታዊ ዴሞክራሲ የሥልጠና ጥራዞች በየመሥሪያ ቤቱ ምን እንደሆኑ ያየ ያውቃል። ሃያ ሰባት ዓመት አገር የተመራበት ጽሑፍ ነው፤ አሁን "እኔ እንኳን ተገድጄ ነው" የሚባልበት ተራው ደርሷል። በዚያው በ2012 ጥቅምት "መደመር" ወጣ፣ ተከታዮቹም ወጡ፤ በየቢሮው መደርደሪያ ላይ አሁን ያሉት እነሱ ናቸው። ነገ የማን ካርቶን እንደሚሆኑ ትንቢት አልናገርም። ልማዳችንን ግን አውቃለሁ፤ ሲታደል ሁሉም ይወስዳል፣ ሲጣል ማንም አልወሰደም።

ቅዳሜ ሁለት ካርቶን ይዤ ወጣሁ፤ ዘጠኙ ሚዛን ላይ ወጡ። የፊዚክሱን መጽሐፍ ጎረቤት ላለችው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልሰጣት ስል "ፒዲኤፍ አለኝ" አለችኝ። ቆራሌው ሚዛኑን ሲያስተካክል የወዳጄ እናት ከቤት ወጡና ከክምሩ ላይ አንዱን አነሱ። ያ የመሠረተ ትምህርት ማስተማሪያ ነው፤ ሽፋኑ ተገንጥሏል።

"ይሄ ይቅር" አሉ። "ፊደል የቆጠርኩበት ነው። ያስተማረኝም እሱ ነው።"

ከአሥራ አንዱ ካርቶን ውስጥ የሚፈልጉት ያ ብቻ ነበር።

እናንተስ ቤት ጓዳ ውስጥ ምን አለ? የቤተሰቦቻችሁን ኅዳግ ጽሑፍ ያገኛችሁ ከሥር ጻፉልን፤ ፎቶም ላኩ። ቆራሌው ከመምጣቱ በፊት ይሁን እንጂ።